የ‹ለ› ክፍል ልጆች ማንበብ በመቻላቸው የቀረበ ይቅርታ

ለተከበረው የሥርዓተ ትምህርትና ማስተማር ትምህርት ክፍል
የድኅረ ምረቃ ጥናት ኮሚቴ
ባላችሁበት

የተከበራችሁ የኮሚቴው ሰብሳቢና አባላት ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤንነታችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? ከስብሰባ ብዛት የያዛችሁ የወገብ ሕመም ቀለል ብሎላችሁ፣ የአዳራሻችሁ ማራገቢያ ተጠግኖላችሁ፣ ሻያችሁም ሳይቀዘቅዝ ቀርቦላችሁ ይህ ደብዳቤ በሰላም እንዲደርሳችሁ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ መመረቂያ ጽሑፌን ከጣላችሁብኝ በቀር ደህና ነኝ።

ምናልባት ከወዳቂዎቻችሁ መካከል እኔን ለይቶ ማስታወስ ቢያስቸግራችሁ፣ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የእናንተው የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። በቅርቡ በፊታችሁ ቆሜ ጥናቴን ሳቀርብ ከመካከላችሁ አንዱ ማስቲካ እያኘኩ፣ ሌላው የስልካቸውን ቻርጀር እየፈለጉ፣ ሰብሳቢው ደግሞ ገጽ እየቆጠሩ ያዳመጣችሁኝ ሴት ነኝ። ጥናቴ ልጆችን ማንበብ ስለማስተማር ነበር። ልጆቹ ማንበብ ቻሉ፤ እናንተም ጣላችሁት። ሆኖም በደግነታችሁ ጥናቱን በሚመጣው ዓመት በአዳዲስ ልጆች ላይ በተሻለ ጥንቃቄ እንድደግመው ዕድል ሰጥታችሁኛል፤ መልሴንም በጽሑፍ ጠይቃችሁኛል። ይህ ደብዳቤ መልሴ ነው። ለሁሉም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁት በጽሕፈት ቤታችሁ በኩል የላክኋቸው ደብዳቤዎች መንገድ ላይ የመጥፋት ልማድ ስላላቸው ብቻ መሆኑን እንድትረዱልኝ እለምናለሁ።

ከመልሱ በፊት ግን ይቅርታና ምስጋና ይቀድማል። ትምህርት ክፍላችሁ ቁጥር ያልተሰጠውን ሐሳብ እንደ ሐሳብ እንደማይቀበል ስላስተማራችሁኝ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት «ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴዎች» የሚለውን ኮርስ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ኮርሱ የሚሰጠው ወንበሮቹ በብሎን ከወለሉ ጋር በታሰሩበትና ሁሉም ፊታቸውን ወደ ፕሮጀክተሩ ባዞሩበት አዳራሽ ነበር። መምህራችን ስላይዱን ከላይ እስከ ታች ያነቡልናል፤ እኛም ያነበቡልንን እንጽፋለን፤ ከዚያ የጻፍነው ልክ መሆኑን እንድናረጋግጥ ደግመው ያነቡልናል። ተማሪዎችን ክብ ሠርቶ ማስቀመጥ ስላለው ጥቅም የሚናገረው ስላይድ ላይ ስንደርስ ከመካከላችን አንድ የስፖርት መምህር እስቲ እኛም እንሞክረው ብሎ ቢጠይቅ፣ ወንበሮቹ እንደማይነቀሉና ገና ያልተሸፈነ ብዙ ምዕራፍ እንዳለ በትዕግሥት ተነገረው። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ጠይቆ አያውቅም፤ ከሁላችንም የተሻለ ውጤት ያመጣው እሱ ነው።

እኔ ግን አርፌ መቀመጥ ስለማልችል በፈተናው ላይ ጥፋት ሠራሁ። ተማሪው ሐሳቡን በራሱ ቃል እንዲገልጽ ማድረግ ምን ፋይዳ እንዳለው አብራሩ የሚል ጥያቄ መጣ፤ እኔም በራሴ ቃል መለስኩ። ነጥብ ተቀነሰብኝ። ምን አጥፍቼ እንደሆነ ለመጠየቅ ቢሮ ብሄድ፣ መልሱ ትክክል እንደሆነ፣ ነገር ግን ከተሰጠን ማስታወሻ ጋር ቃል በቃል እንደማይገጥም መምህራችን በርኅራኄ አስረዱኝ። እንዲህ ያለ ትምህርት በየትም አይገኝምና ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2. አማካሪ ስለመደባችሁልኝም አመሰግናለሁ። አማካሪዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ይህን የምለው ያለ ምንም አሽሙር ነው። ችግሩ የሚገኙት ከክፍል ወጥተው መኪናቸው እስኪነሳ ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የተማከርኩት ሁሉ በመኪና መስኮት በኩል ነው፤ መስታወቱ እየተዘጋ ሲመጣ ዋናውን ጥያቄ ቶሎ ማስገባት ችዬበታለሁ። እሳቸውም ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ ጥናትሽ የሚሞላው ክፍተት የት አለ? ክፍተቱ ክፍሌ ውስጥ ነው ስላቸው፣ ክፍተት ነው ብሎ የጻፈ ሰው ከሌለ ክፍተት እንዳልሆነ ነገሩኝ። በመጨረሻም ሩቅ አገር ያለ አንድ ተመራማሪ ስለ ሌሎች ልጆች የጻፈውን አግኝቼ አመጣሁላቸውና ክፍሌ ውስጥ የነበረው ክፍተት በዚያው ሕጋዊ ሆነ።

3. ጥናቱን ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ይህን ደብዳቤ ከእናንተ ሌላም ሰው ስለሚያነበው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

በክፍሌ የማየው ነገር ይህ ነው። ልጆቹ የፊደል ሰንጠረዡን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዜማ ያንበለብሉታል። ግድግዳው ላይ ባይኖርም ያንበለብሉታል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውም ያንበለብሉታል። ከመሐል አንዱን ፊደል በእንጨት ነክቼ ይህስ ማነው ስላቸው ግን ከመጀመሪያው ተነስተው እየዘመሩ እስኪደርሱበት ድረስ መጠበቅ አለብኝ፤ አንዳንዴም ዜማው ይዟቸው ይሄድና ፊደሉን አልፈውት ይነጉዳሉ። በዚህ ዓይነት ሦስተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ናቸው። በትምህርት ቤታችን ደንብ ደግሞ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ የተሰጠውን አንድ አንቀጽ ማንበብ ካልቻለ ወደ አራተኛ አይሻገርም።

እኔ የሞከርኩት ዘዴ ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም። ልጁ ትናንት የሆነውን ነገር ይነግረኛል፤ የተናገረውን ሳላሳምርና ሳላርም ከካርቶን በተቆረጠ ብጣሽ ላይ በጉልህ እጽፍለታለሁ፤ እሱም መልሶ ያነበዋል። የራሱ ወሬ ስለሆነ አያስፈራውም። «ዶሮዋ አጎቴ ጫማ ውስጥ እንቁላል ጣለች።» «ወንድሜ የወለቀ ጥርሱን ዋጠና አለቀሰ።» «መምህራችን ስትቆጣ ጆሮዋ ይቀላል።» እንዲህ ያለውን ነገር ማንበብ የማይፈልግ ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም።

ኮሚቴያችሁ ግን፣ በትክክል እንዳሳሰበኝ፣ ዘዴው መሥራቱን ለማረጋገጥ ዘዴውን የማያገኙ ልጆች ያስፈልጉ ነበር። ስለዚህ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ስም በሙሉ ባልዲ ውስጥ ጨምሬ ዕጣ አወጣሁ። ግማሾቹ ‹ሀ› ክፍል ሆነው ከእኔ ጋር በካርቶኑ ሊማሩ፣ ግማሾቹ ‹ለ› ክፍል ሆነው ከባልደረባዬ ጋር በተለመደው ዜማ ሊቀጥሉ። ባልደረባዬ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው፤ ከአፋቸው የማይጠፋው ቃል «ቀስ» ስለሆነ ልጆቹ ጋሼ ቀስ ይሏቸዋል። ዕጣው በእናንተው መመሪያ መሠረት ዓይንን ጨፍኖ የወጣ ስለነበር፣ መንትያ እህትማማቾችን ለያይቶ አንዷን ለእኔ ሌላዋን ለጋሼ ቀስ ሰጠ።

ወደ እኔ የመጣችው አፏ ስለማይዘጋ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሬዲዮ የሚላት ናት። ሌላዋ ዝምተኛ ናት፤ እሷን የሬዲዮ እህት ይሏታል። የራሷ ቅጽል ስም እንኳ አላገኘችም። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ዕጣው በወጣ ማግስት መርፌ የተሰካበት ሹራቧን ሳትቀይር መጥታ፣ እባክሽ እህቴ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጊልኝ ብላ ለመነችኝ። አንዷ አልፋ አንዷ ብትወድቅ የወደቀችውን ቤት ውስጥ ማን ያጽናናታል፣ እንዲያ ከሚሆን ሁለቱንም አስቀራቸዋለሁ አለችኝ። ልመናዋን ወደ እናንተ አቀረብኩ። ዕጣ ከወጣ በኋላ ልጅ ማዛወር የጥናቱን ተአማኒነት እንደሚያጎድል መለሳችሁልኝ። ለፈጣኑ መልስ አመሰግናለሁ፤ ከእናንተ በፍጥነት ያገኘሁት ብቸኛው መልስ ስለሆነ በልዩ ሁኔታ አስታውሰዋለሁ።

4. አሁን ይቅርታ ወደምጠይቅበት ነገር ደረስኩ።

የ‹ሀ› ክፍል ልጆች ካርቶኖቻቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ዕረፍት ይወጣሉ። ይህን አለመከልከሌ ጥፋት ነው። በግቢያችን ውኃ ቧንቧው አጠገብ ቀድሞ ብይ የሚጫወቱበት ደልዳላ ቦታ አለ። አንድ ቀን ብቅ ብል ብዩ ቀርቷል። የእኔ ልጆች ካርቶኖቻቸውን በደረታቸው ከልለው ይቆማሉ፤ የ‹ለ› ክፍል ልጆች ፊት ለፊታቸው ይሰለፋሉ፤ ካርቶኑ ለአፍታ ይገለጣል፤ ያነበበ ይወስዳል። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ማጭበርበር ስለበዛ ዳኛ ሾመዋል፤ ዳኛዋም ሬዲዮ ናት። የዶሮዋና የጫማው ካርቶን በግቢው ውስጥ እጅግ የተፈለገ ሀብት ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ጠርዙ አልቆ ነበር። የ‹ለ› ክፍል ልጆች በጠዋት ባዶ ኪስ ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ኪሳቸው አብጦ ይሄዳሉ። የእኔዎቹ ሲዘረፉ ደግሞ በጠዋት መጥተው መምህርት፣ አዲስ ወሬ አለኝ፣ ጻፊልኝ ይሉኛል።

ይህን አይቼ ደስ አለኝ። በየጊዜው ወደ እናንተ በምልከው የሥራ ሪፖርት ላይም ደስታዬን ጻፍኩት። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው ደስታውን ለኮሚቴ መጻፍ እንደሌለበት ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር። መልሳችሁ በማኅተም መጣ። «የቁጥጥር ቡድኑ በሙከራ ቡድኑ እየተበከለ መሆኑን ኮሚቴው በከፍተኛ ስጋት ተመልክቶታል» ይላል፤ ቁጥጥር የተባሉት የጋሼ ቀስ ልጆች፣ ሙከራ የተባሉት የእኔዎቹ መሆናቸው ነው። ብክለት የሚለውን ቃል ያቀረቡት ከመካከላችሁ ሁለተኛው ፈታኝ እንደነበሩ በኋላ ሰምቻለሁ። ብክለቱን ለመግታትም የሚከተሉት እርምጃዎች ታዘዙ፦

4.1 ካርቶኖቹ ከክፍል እንዳይወጡ፤

4.2 የሁለቱ ክፍሎች ልጆች በዕረፍት ሰዓት እንዳይገናኙ፤

4.3 በሁለቱ ቡድኖች ውስጥ እህትማማቾች ካሉ በቤታቸው ስለ ንባብ እንዳይነጋገሩ ወላጅ እንዲያሳስብ።

ሦስተኛውን ትእዛዝ ለመፈጸም ራሴ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄድኩ። በአፏ መርፌ ይዛ ቀሚስ እያጠበበች ነበር። መንትዮቹ በአንድ አልጋ እንደሚተኙ፣ አንድ ብርድ ልብስ እንደሚጎተቱ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የኮሚቴውን ማሳሰቢያ ሳልቀንስ አነበብኩላት። እሷም ሰምታ ስትጨርስ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ፣ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። ደህና መሆኔን ነገርኳት። ሻይ ላፍላልሽ አለችኝ። እኔም ማሳሰቢያውን አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩና ሻዩን ጠጣሁ።

5. ለርዕሰ መምህራችን በግልባጭ ስላሳወቃችሁልኝም አመሰግናለሁ። ርዕሰ መምህራችን ከማኅተም ጋር የማይጣሉ ሰው ናቸው። ትእዛዙ በደረሳቸው ቀን ግቢውን በኖራ መስመር ለሁለት ከፈሉት፤ ወዲህ ‹ሀ›፣ ወዲያ ‹ለ›፣ መሐሉ ላይ የግቢው ጥበቃ በትሩን ይዞ። ውኃ ቧንቧው ከመስመሩ ወዲያ ስለቀረ የ‹ሀ› ክፍል ልጆች ለተወሰነ ጊዜ ለምርምር ሲባል ተጠምተዋል። ልጆቹም በመጀመሪያ ቀላል አላገኙትም እንጂ ቶሎ ዘዴ ፈጠሩ፤ የእኔዎቹ በድብቅ ያወጧቸውን ካርቶኖች ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ይይዛሉ፣ የጋሼ ቀስ ልጆች ከሩቅ ጮኸው ያነባሉ። ጥበቃው እግር እንዳይሻገር እንጂ ዓይን እንዳይሻገር ስላልታዘዘ ቆሞ ያይ ነበር፤ እንዲያውም በወሬዎቹ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ይህም ተደረሰበት። ካርቶኖቹ ሁሉ ተለቅመው በጆንያ ታስረው ዕቃ ቤት ገቡ።

ጨዋታው ሞተ። የሬዲዮ እህት ያን ሰሞን ማንበብ እየያዛት ነበር። ድምጿን ግቢው ውስጥ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ካርቶን ለማሸነፍ ስትል ትጮህ ነበር፤ ያሸነፈቻቸውንም በፀጉር ማሰሪያ አስራ ትይዛቸው ነበር። እነሱም አብረው ተወሰዱ። ለጥቂት ቀናት በዕረፍት ሰዓት መጥታ የኖራው መስመር ላይ ቆማ እህቷን ታያለች። ከዚያ መምጣቷን ተወች፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ደወሉን ትጠብቃለች። በኋላ ጋሼ ቀስ እንደነገሩኝ በክፍል ውስጥ ፊደል ሲነኩላት እንደ ድሮዋ ከመጀመሪያው ጀምራ በለሆሳስ መዘመር ጀምራለች።

እዚህ ላይ ትሕትናዬ ለአንድ አንቀጽ ያህል ስለሚያልቅብኝ ይቅር በሉኝ። ያን ቀን መምህራን ማረፊያ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። የተናደድኩት በእናንተ ብቻ አይደለም፤ ኖራው ሲሰመር ቆሜ ባየሁት በራሴም ጭምር ነው። ዲግሪውን እፈልገው ነበር። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ በየቅዳሜው ከአዳራሻችሁ በር አድርሶኝ ሲመለስ ለተሳፋሪው ሁሉ ሚስቴ ማስተርስ እየሠራች ነው ይል ነበር። አማቴ ለምረቃው ፎቶ ሳሎን ውስጥ ቦታ ለይታለታለች። እኔም ጥቁሩን ካባ ለብሼ በመስታወት ፊት ራሴን በሐሳቤ አይቻለሁ፤ ይህን ስል አላፍርም። በአንድ ወገን ይህ ሁሉ ነበር፤ በሌላው ወገን ግድግዳ ተደግፋ የተቀመጠች ልጅ።

በማግስቱ ጆንያውን ከዕቃ ቤት አውጥቼ ፈታሁት። ከዚያ ግቢው መሐል ሄጄ የኖራውን መስመር በጫማዬ አጠፋሁት። ጥበቃው ይህ በሚሆንበት ጊዜ በሩ ላይ ማንም ያልነካውን ቁልፍ ሲፈትሽ ቆየ። ጋሼ ቀስ ደግሞ ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘውንና በቁም ሣጥን የተዘጋውን በር ሊከፍቱ ብቻቸውን ሣጥኑን ሲገፉ አገኘኋቸው። ወገባቸው እንዳይጎዳ ብዬ ብሮጥ፣ ቀስ በይ አሉኝና ልጆቻቸውን አሰልፈው ወደ እኔ ክፍል አስገቧቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ‹ሀ› እና ‹ለ› የሚባል ነገር በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት በቀር የትም አልነበረም።

ይህን ሁሉ በጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ሳልደብቅ ጽፌዋለሁ። ያንን ምዕራፍ አንብባችሁት እንደሆነ የማወቅ ዕድል ግን አላገኘሁም፤ ስለ እሱ የቀረበልኝ አስተያየት የግራ ኅዳጉ ጠበበ የሚል ብቻ ነበር።

6. ለፍርዳችሁም አመሰግናለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ልጆቹን በንባብ ፈተኗቸው። የ‹ሀ› ክፍል ልጆች አነበቡ። የ‹ለ› ክፍል ልጆችም አነበቡ። የሬዲዮ እህት አንቀጹን ጨርሳ፣ አልበቃ ብሏት ገጹን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ልታነብ ስትል ይበቃል ተባለች። ልብስ ሰፊዋ ውጭ ሆና በመስኮት ታይ ነበር፤ ምን እንዳደረገች አልነግራችሁም፤ የእናንተ ጉዳይ አይደለም።

ውጤቱን ይዤ ጥናቴን ልከላከል በፊታችሁ ስቀርብ፣ ሞኝነቴን እወቁልኝ፣ አዲስ ጫማ ገዝቼ ነበር። እናንተ ግን ሠንጠረዡን አይታችሁ ፊታችሁ ጨለመ። ሁለተኛው ፈታኝ የ‹ለ› ክፍል ልጆችም ችለዋል ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎን፣ ችለዋል ብዬ በኩራት መለስኩ። ችግሩ እሱ ነው አሉ። ከዚያ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት ስላልታየ ዘዴው ለውጥ ማምጣቱ እንዳልተረጋገጠ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በሙሉ ድምፅ ወሰናችሁ። ጋሼ ቀስ ባለፈው ዓመት በዚያው ዜማ ካስተማሯቸው ልጆች አብዛኞቹ እንደወደቁ ብናገር፣ ያለፈው ዓመት በጥናቱ ወሰን ውስጥ እንደማይካተት ተነገረኝ። ሰብሳቢው ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ የ‹ለ› ክፍል ልጆች ቢወድቁ ኖሮ ጽሑፉ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይባል እንደነበር አጫወቱኝ። ጎበዝ ተመራማሪ ነሽ፣ የጎደለሽ ጥንቃቄ ብቻ ነው አሉኝ። በቅን ልቦና እንደተናገሩት አልጠራጠርም፤ ያስፈራኝም ይኸው ቅንነታቸው ነው።

ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጆች እርስ በርሳቸው እንደሚነጋገሩ በጥናቱ ንድፍ ውስጥ ስላላሰፈርኩ፣ መንትዮች በአንድ አልጋ እንደሚተኙ ግምት ውስጥ ስላላስገባሁ፣ ከሁሉም በላይ የ‹ለ› ክፍል ልጆች ከተመደበላቸው አለማወቅ ሲወጡ እያየሁ ዝም ስላልኩ ይቅርታ።

አሁን ወደ መልሴ ልመለስ። በሚመጣው ዓመት አዳዲስ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ለሁለት ከፍዬ፣ የቁጥጥር ቡድኑን በሌላ ግቢ አስቀምጬ፣ ልጆቹ እንደማይገናኙ በፊርማዬ አረጋግጬ ጥናቱን ብደግመው ትቀበሉኛላችሁ። ባለቤቴ አንድ ዓመት ምን አላት፣ ድገሚውና ገላግይን ብሎኛል፤ ክፉ አስቦ አይደለም፣ የደከምኩትን ስላየ ነው። አማቴ ደግሞ ፎቶው ቢዘገይም ቦታው እንደማይሸሽ ነግራኛለች። እኔም አስቤበታለሁ። እንዳልዋሻችሁ፣ ከአንድ ቀን በላይ አስቤበታለሁ።

የሚመጡትን ልጆች ግን አየኋቸው። ለምዝገባ ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው ግቢው ውስጥ ይራወጡ ነበር። ከእነሱ የትኛውን ግማሽ፣ ፊደል ሳያውቅ እንዲከርም አድርጌ ላቆይላችሁ እንደምችል ብመለከት ብመለከት መምረጥ አቃተኝ። ዕጣም ላወጣ አልቻልኩም። ስለዚህ የሰጣችሁኝን ዕድል ከታላቅ ምስጋና ጋር እመልሳለሁ። በሚመጣው ዓመት ሁሉም የሦስተኛ ክፍል ልጆች በካርቶን ይማራሉ፤ በሩም ክፍት ይሆናል፤ ልዩነት ለማግኘት የምትፈልጉ ከሆነ እኛ ዘንድ አትድከሙ።

ዲግሪ የሌላት መምህርት ሆኜ እቀጥላለሁ። ያሳዝነኛል፤ በጣም ያሳዝነኛል። በየቅዳሜው ጠዋት ባለቤቴ መኪናውን ሲያስነሳ አሁንም ብድግ እላለሁ።

ለእናንተም የምመኝላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ምርምራችሁ ይስፋ፣ ጽሑፎቻችሁ በወፍራም ጥራዝ ተጠርዘው በመደርደሪያችሁ ላይ ይደርደሩ፣ ማንም ሰው አንስቶ እንዳይበክላቸውም የመስታወቱ በር ይቆለፍ።

ከፍ ባለ አክብሮት፣ ዝቅ ባለ ሰላምታ፣ በተለመደው ታዛዥነቴ (ከኖራው መስመር በስተቀር)፣ የበታቻችሁ፣ የማትመረቀውና በራሷ ቃል የምትጽፈው ተማሪያችሁ፣

የሦስተኛ ክፍል መምህርቷ

ግልባጭ፦
ለርዕሰ መምህራችን፣ ማኅተም ስለሌለው እንዳይደነግጡ፤
ለአማካሪዬ፣ በመኪናው መስኮት በኩል፤
ለሬዲዮ፣ እሷ ካወቀች ለሌላ ለማንም መላክ ስለማያስፈልግ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሁለተኛው ፈታኝ በግል ልጽፍላቸው ይገባኝ የነበረውን ትንሽ ነገር እዚሁ ብጨርሰው ይቅር ይበሉኝ። ትንሿ ልጅዎ በትምህርት ቤታችን የ‹ለ› ክፍል ተማሪ ናት። በዓመቱ አጋማሽ፣ ብክለት የሚለውን ቃል ለኮሚቴው ከማቅረብዎ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለርዕሰ መምህራችን ስልክ ደውለው በ‹ሀ› ክፍል ያለው አዲሱ ነገር ጥሩ ነው ሲባል ሰምቻለሁና ልጄን ወደዚያ አዛውሩልኝ ብለው እንደነበር ርዕሰ መምህሩ ነግረውኛል። ዕጣ ከወጣ በኋላ ልጅ ማዛወር የጥናቱን ተአማኒነት እንደሚያጎድል በእናንተው ቃል መልሰንልዎት ነበር፤ በዚህ ቅር እንዳልተሰኙብን ተስፋ አደርጋለሁ። ደግሞም አላስፈለገም። ውኃ ቧንቧው አጠገብ እንደ እሷ ካርቶን ያሸነፈ ልጅ የለም፤ የዶሮዋም ካርቶን በመጨረሻ የቀረው በእሷ እጅ ነው። ስምዎን እዚህ አልጻፍኩም። ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ስታነብልዎት፣ እዚህ መስመር ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ታይዎታለች።